ስክሪፕት ለመማርና የራስን ሊኑክስ ለመሥራት የቱ መንገድ ይሻላል?

«ሊኑክስን ከውስጡ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የስም ዝርዝር ነው። ባሽና ፓይተን (የትእዛዝ መጻፊያ ቋንቋዎች)፣ አርችና ጄንቱ («ዲስትሮ» የሚባሉ የተዘጋጁ የሊኑክስ ዓይነቶች)፣ ሊኑክስ ፍሮም ስክራች (ሲስተሙን ከባዶ መሥሪያ መመሪያ)። ጠያቂው ሁሉንም ይጀምርና አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል። አይፈረድበትም። ዝርዝሩ ሁለት ጥያቄ ቀይጦ ነው የሰጠው። አንደኛው «ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የምጽፈው በምን ቋንቋ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሲስተሙን እስከ ምን ድረስ በእጄ ልሥራው?» የሚል።

የእኔን አቋም ቀድሜ ልናገር። ባሽ ይቅደም። ቀጥሎ በአንድ የዕረፍት ቀን የሚያልቅ ትንሽዬ ሊኑክስ በቢዚቦክስ (ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል በያዘ ፕሮግራም) ሥሩ። አርች ወይስ ጄንቱ፣ ሊኑክስ ፍሮም ስክራች ወይስ ቢልድሩት (ለትንንሽ ማሽኖች ሲስተም መሥሪያ) የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ይድረስ። በዚህ ባትስማሙም፣ ምርጫችሁን የምታመዛዝኑበት ነገር ከታች አታጡም።

ስክሪፕት ለምን ይቀድማል?

ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ በተራ እንዲፈጽማቸው በፋይል የተጻፉ ትእዛዞች ናቸው። የሊኑክስ ፍሮም ስክራችን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ። ገና መግቢያውን እንዳለፋችሁ የሚገጥማችሁ የሼል ትእዛዝ ነው፤ ሼል የምትተይቡትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው፣ ባሽም አንዱ ሼል ነው። ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ይሰየማል፣ ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ) ይዞራል፣ የአንዱ ትእዛዝ ውጤት በ«|» ምልክት ለሌላው ይተላለፋል። መጽሐፉ ከየትእዛዙ ሥር ማብራሪያ አስቀምጧል። ሼል የማያውቅ ሰው ግን ማብራሪያውን ይዘልና ትእዛዙን ኮፒ ፔስት ያደርጋል። በዚህ መንገድም ቢሆን ቡት የሚያደርግ (የሚነሳ) ሲስተም ሊወጣው ይችላል። ምን እንደሠራ ብትጠይቁት ግን መልስ የለውም።

ሌሎቹም መንገዶች ከሼል አያስጥሉም። የጄንቱ ፓኬጆች (ተጠቅልለው የሚጫኑ ፕሮግራሞች) የሚሠሩበት ኢቢልድ የሚባለው ፋይል በባሽ የተጻፈ ነው። የአርቹ ፒኬጂቢልድም እንዲሁ። ትንሿ የቢዚቦክስ ሊኑክስም ስትነሳ መጀመሪያ የምታስኬደው ፋይል የሼል ስክሪፕት ሊሆን ይችላል። ስክሪፕት ማንበብ ያልቻለ ሰው የፈለገውን ዲስትሮ ቢመርጥ ግማሹ ነገር ያመልጠዋል።

የስክሪፕት ሊቅ ካልሆንኩ ሲስተም አልነካም ማለትም ልክ አይደለም። የሚያስፈልጋችሁ የሰው ስክሪፕት አንብቦ ምን እንደሚያደርግ መናገር መቻል ነው። ሃያ ሠላሳ መስመር የምትሆን ስክሪፕት ለራሳችሁ ጉዳይ ጽፋችሁ ከሠራችላችሁ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ባሽና ወጥመዶቹ

ባሽን ብራያን ፎክስ ነፃ ሶፍትዌር ለሚሠራው ግኑ ፕሮጀክት ጻፈው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራውም ስቲቨን ቦርን የጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ1979 ሊኑክስ አርአያ ካደረገው ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣውን ሼል እንዲተካ ነበር። ይህ ዕድሜው ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። ጥቅሙ፣ አብዛኛው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሳትጭኑት ታገኙታላችሁ። አብዛኛው መመሪያ እሱን ታሳቢ አድርጎ ይጻፋል። ጉዳቱ፣ ያኔ ሰው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ላይ ቶሎ ቶሎ እንዲተይብ ተብለው የተበጁ ልማዶች ዛሬም አብረውት አሉ። ስክሪፕት ውስጥ ሲገቡ ጉድ ያፈላሉ።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። «የልደት ፎቶ» የሚባል ፋይል አላችሁ እንበል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍተት አለ። ስሙን በቫሪያብል ይዛችሁ «አጥፋው» ብላችሁ ታዛላችሁ። ቫሪያብሉን በትእምርተ ጥቅስ ካልከበባችሁት ሼሉ ስሙን ክፍተቱ ላይ ይቆርጠዋል። አንዱ ፋይል ሁለት ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ «የልደት» የሚባል ፋይል ይፈልጋል፤ የለም፣ ኤረር ይሰጣል። ቀጥሎ «ፎቶ» የሚባል ይፈልጋል። እንዲህ የሚባል ሌላ ፋይል ካላችሁ እሱን ያጠፋል። ልታጠፉት ያሰባችሁት ግን ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች የቫሪያብል መጥሪያ የሆነውን የዶላር ምልክት ባዩበት ሁሉ በ«"» ካልተከበበ እጃቸውን የሚበላቸው።

ትእምርተ ጥቅስ ብቻውን የማያድንበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ ስቲም የሚባለው የጨዋታ ማከፋፈያ ለሊኑክስ ባወጣው ፕሮግራም ውስጥ ያለ አንድ ስክሪፕት የተጠቃሚዎችን ፋይል ጠራርጎ ማጥፋቱ ታወቀ። ስክሪፕቱ ስቲም የተጫነበትን ፎልደር አድራሻ በቫሪያብል ይይዛል። ከዚያ «እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ይላል። ፎልደሩ ሳይገኝ ሲቀር ቫሪያብሉ ባዶ ሆነ። አድራሻው ባዶ ሲሆን ከትእዛዙ የቀረችው «/» ናት። እሷ ደግሞ የመላው ሲስተም ሥር ናት። ቫሪያብሉ በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ ነበር፤ ምንም አላዳነም። የሚገርመው፣ የጻፈው ሰው ከመስመሩ በላይ «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር።

መፍትሔው ምንድን ነው? ባሽ ያልተሰየመ ቫሪያብል ሲያይ እንዲቆም የሚያደርግ ትእዛዝ አለው፤ ብዙዎች ስክሪፕታቸው አናት ላይ ያስቀምጡታል። ጥሩ ልማድ ነው። ግን የስቲሙን አደጋ አያስቆምም ነበር። ያኛው ቫሪያብል ተሰይሟል፣ ባዶ ሆኖ ነው እንጂ። ለባዶነት ከቫሪያብሉ ስም ቀጥሎ «:?» የሚባለው አጻጻፍ አለ፤ ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ እዚያው ይቆማል። ይህችን ልዩነት ያዟት። ሲስተም ስትሠሩ ትመጣለች።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሼልቼክን ጫኑ። ነፃ ነው፣ ስክሪፕታችሁን አንብቦ «እዚህ ጋ ትእምርተ ጥቅስ ጎድሏል፣ እዚህ ጋ ይህ ትእዛዝ ካልተሳካስ?» እያለ መስመር በመስመር ይነግራችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። ለሚሰጣችሁ ማስጠንቀቂያ በየቁጥሩ የተጻፈ ማብራሪያ አለ። ከብዙ ኮርስ ይልቅ እሱ ያስተምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የባሽ ተፎካካሪዎች

ተራው ሼል፣ ማለትም «ኤስኤች» የሚባለው፣ የባሽ ታናሽ ይመስላል፤ ግን የሁሉም የጋራ ቋንቋ እሱ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ዲስትሮ ከ2006 ጀምሮ በዚህ ስም የሚያስኬደው ዳሽ የተባለውን ቀለል ያለ ሼል ነው። ዴቢያን የሚባለውም በ2011 ተከተለ። አልፓይን የሚባለው ትንሽ ዲስትሮ ላይ ደግሞ ባሽ ራሱ ካልጫናችሁት የለም። ስለዚህ በድርብ ቅንፍ «[[» የጻፋችሁት ማነጻጸሪያ ባሽ ላይ ሠርቶ ዳሽ ላይ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ሊላችሁ ይችላል። ማክ ላይም ሌላ ጣጣ አለ። አፕል በፈቃድ ጉዳይ የተነሳ የሚያቀርበው ባሽ 3.2 ነው፤ በ2009 በወጣው ባሽ 4 የገቡ ነገሮች እዚያ አይሠሩም። ስክሪፕታችሁ ብዙ ዓይነት ማሽን ላይ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ትንንሽ ሲስተም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ባሽን ከለመዳችሁ በኋላ ተራውን ሼል ለብቻው አጥኑት። የሚቀነስ እንጂ የሚጨመር ብዙ ስለሌለ አይከብድም።

ዚሽና ፊሽ የሚባሉት ሼሎች ተርሚናል ላይ ለመዋል ምቹ ናቸው። ስትተይቡ ይገምቱላችኋል፣ ቀለም ያሳምራሉ። ማክ ከ2019 ጀምሮ ነባሪ ሼሉን ዚሽ አድርጓል። ፊሽ ግን ሆን ብሎ ከድሮው ሕግ ወጥቷል። ከየቦታው የምታገኙትን ስክሪፕት እንዳለ ብትለጥፉለት ላይቀበለው ይችላል። የእኔ ምክር፣ በፈለጋችሁት ተይቡ፣ ስክሪፕቱን ግን በባሽ ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «#!» ብላችሁ የባሽን አድራሻ ከሰጣችሁ የምትተይቡበት ሼል ለውጥ አያመጣም።

ፓይተንስ? ብዙ ሰው «ሼልን ትቼ በቀጥታ ፓይተን ብማርስ?» ይላል። ዳታ መተንተን፣ ሒሳብ፣ ከኢንተርኔት የመጣ ጄሰን (የመረጃ አጻጻፍ ዓይነት) ማንበብ ከሆነ ሥራችሁ፣ ልክ ነው፣ ባሽ ላይ አትሰቃዩ። የጉግል የሼል አጻጻፍ መመሪያም አንድ ስክሪፕት ከ100 መስመር ካለፈ ወይም ውስብስብ ከሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ አዛውሩት ይላል። ቁጥሩ ላይ ሙጭጭ አልልም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ነገር ግን ዲስክ መክፈል፣ ፋይል ሲስተም ማያያዝ፣ ፕሮግራም ኮምፓይል ማድረግ (ምንጭ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) የሌሎች ፕሮግራሞችን ስም እየጠሩ ማሠራት ነው። ይህን በፓይተን ስትጽፉት የባሿ አንድ መስመር አምስት ትሆናለች። ደግሞም ገና እየተሠራ ያለ ሲስተም ውስጥ ፓይተን የለም። ሼል ግን አለ።

ፓወርሼል ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ሼል ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ከትእዛዝ ወደ ትእዛዝ ጽሑፍ ሳይሆን ቅርጽ ያለው መረጃ ማስተላለፉ ደስ ይላል። የዊንዶውስ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ እሱን ተማሩ። የራስን ሊኑክስ ለመሥራት ግን አይጠቅማችሁም። ፐርል የሚባለውን የቆየ ቋንቋ አንብባችሁ ብትረዱት አይጎዳም፤ አዲስ ሰው ዛሬ ከእሱ ይጀምር አልልም።

ስለ አማማሩ ብዙ አልልም። ቪዲዮ እያዩ ትእዛዝ መሸምደድ ቶሎ ይረሳል። ከራሳችሁ ችግር ተነሱ፤ የተዝረከረከ የፎቶ ፎልደር በየዓመቱ መደርደር፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ። ችግር ካጣችሁ ደግሞ ባንዲት የሚባለው የተርሚናል ጨዋታ አለ። በርቀት ወደ አንድ ማሽን ትገባላችሁ፣ የቀጣዩን ደረጃ የይለፍ ቃል የሆነ ቦታ ተደብቆ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ማንም ሳያስገድዳችሁ ማኑዋል ታነባላችሁ።

«የራሴ ሊኑክስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚምታታው። አንዱ የራሴ ሊኑክስ ሲል ያለቀለት ዲስትሮ ወስዶ ልጣፉንና ፕሮግራሞቹን መቀየር ማለቱ ነው። ሌላው ፓኬጆቹን መርጦ መገጣጠም ይላል። ሦስተኛው እያንዳንዷን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዷ ኮምፓይል ማድረግ። አራተኛው ለአንዲት ትንሽ ማሽን የሚጫን ሲስተም። አራቱም ልክ ናቸው፤ የሚያስተምሩት ግን አይገናኝም።

ሁሉም ከመምጣታቸው በፊት የቢዚቦክሷን መንገድ ሞክሩ እላለሁ። ሊኑክስ በመሠረቱ ምን እንደሆነ በዓይን የሚያሳይ ከእሷ የተሻለ አላውቅም። ቢዚቦክስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለመዱ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል የያዘ ፕሮግራም ነው። በየትኛው ስም እንደተጠራ አይቶ የዚያን ትእዛዝ ሥራ ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከርነሉን (ሃርድዌሩን የሚያዘውን የሊኑክስ ልብ) በነባሪ ቅንብሩ ኮምፓይል ታደርጋላችሁ። በሺዎች ከሚቆጠሩት የከርነል ምርጫዎች ጋር አትታገሉ፤ ያ ለሌላ ቀን ነው። ቢዚቦክስን ኮምፓይል ታደርጉና ባዶ ፎልደር ውስጥ ታስገቡታላችሁ። «ኢኒት» የምትባል ጥቂት መስመር ያላት ስክሪፕት ትጽፋላችሁ። ሥራዋ «ፕሮክ» እና «ሲስ» የሚባሉትን የከርነል ፋይል ሲስተሞች ማያያዝ፣ ከዚያ ሼል መክፈት ነው። ፎልደሩን «ሲፒአይኦ» በሚባለው አጠቃለል ትጠቀልሉታላችሁ። ከርነሉንና ጥቅሉን ኪውኢሙ ለሚባለው ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር ለተሠራ ኮምፒውተር) ትሰጡታላችሁ። አለቀ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይንቆረቆርና መጨረሻ ላይ ትእዛዝ የሚጠብቅ ምልክት ይመጣል። ከከርነሉ በስተቀር እዚያ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ በስሙ ታውቁታላችሁ።

ካልሠራ ደግሞ ይበልጥ ትማራላችሁ። ለምሳሌ ቢዚቦክስን ስታቲክ (የሚፈልገውን ላይብረሪ፣ ማለትም የጋራ ኮድ፣ በውስጡ የያዘ) አድርጋችሁ ካልሠራችሁት፣ ከርነሉ «ኢኒትን ማስኬድ አልቻልኩም፣ ኤረር -2» የሚል መልእክት ይሰጣል። «-2» ማለት «ፋይሉ የለም» ነው። ፋይሉ ግን አለ! በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የሌለው ቢዚቦክስ ሲነሳ ላይብረሪዎቹን እንዲያስገባለት የሚፈልገው ጫኝ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሞች ላይብረሪ እንዴት እንደሚያገኙ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሌላም አለ። ከሼሉ «ውጣ» ብላችሁ ብትወጡ ኢኒት ስክሪፕቷ ታልቃለች፣ ከርነሉም በድንጋጤ («ፓኒክ») ይቆማል። አንደኛው ፕሮሰስ (መጀመሪያ የተነሳው ፕሮግራም) ከሞተ ሲስተሙ የለም ማለት ነው። መጽሐፍ ላይ ብታነቡት ያልፋል፤ እዚህ ግን አይረሳም።

ሊኑክስ ፍሮም ስክራች፣ ለማን?

ጄራርድ ቢክማንስ በ1999 የጀመረው ሥራ ነው። በነፃ ይነበባል። 80 ገደማ የሚሆኑ ፓኬጆችን ከምንጭ ኮዳቸው አንድ በአንድ እየሠራችሁ የተሟላ ሲስተም ላይ ትደርሳላችሁ። ጊዜን የሚለካበት መንገድ ብልህነት አለው። የእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ፍጥነት ስለሚለያይ በደቂቃ አይናገርም። መጀመሪያ የምትሠሩት ቢንዩቲልስ የሚባለው ፓኬጅ የፈጀባችሁ ጊዜ አንድ መለኪያ ይሆናል። ሌላው ሁሉ የእሱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነገራችኋል። የእናንተ ማሽን አራት ደቂቃ ከፈጀበት፣ አሥር መለኪያ የተባለው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ፓኬጅ ላይ ምን ያህል እንደምትቀመጡ ታሰላላችሁ።

አስቸጋሪው ክፍል መጀመሪያው ላይ ነው። ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ጂሲሲን፣ ደጋግማችሁ ትሠራላችሁ። «አንዴ ሠርቼው የለ እንዴ?» ያስብላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ኮምፓይለር የተሠራው አሁን በምትጠቀሙበት ሲስተም ላይ ተደግፎ ነው። አዲሱ ሲስተም ከአሮጌው ጋር ያለው ገመድ መቆረጥ አለበት። መጽሐፉ ይህ መቆረጡን የሚያረጋግጥበት ፈተና አለው። ምንም የማትሠራ ፕሮግራም ኮምፓይል ታደርጋላችሁ። ከዚያ ስትነሳ የምትፈልገው ጫኝ የት እንዳለ ትጠይቋታላችሁ። መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ቁሙ፣ አንድ እርምጃ አትቀጥሉ። ቢዚቦክስ ላይ ያ «የለም» የተባለ ጫኝ ያደከመው ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ወዲያው ይገባዋል። ከዜሮ የመጣ ሰው ግን ይዘለዋል፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ዋጋውን ይከፍላል።

ባዶዋ ቫሪያብልም እዚህ ተመልሳ ትመጣለች። አዲሱ ሲስተም የሚቀመጥበት አድራሻ በአንዲት ቫሪያብል ተይዟል። ተርሚናሉን ዘግታችሁ በማግስቱ ስትከፍቱ ቫሪያብሏ ካልተመለሰች ባዶ ናት። አድራሻው ያው «/» ይሆናል። በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ከሆናችሁ ደግሞ አዲሱን ሲስተም የምትሠሩት በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። መጽሐፉ ይህን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ አደገኛውን ክፍልም ሥልጣን በሌለው ተጠቃሚ ስም እንድትሠሩ ያደርጋል። በየዕለቱ ስትጀምሩ የቫሪያብሏን ዋጋ ስክሪኑ ላይ አውጥታችሁ እዩ። ሁለት ሰከንድ ነው።

ሌላ የማይዘለል ነገር፣ ግሊብሲ የሚባለው የሲ ላይብረሪ ሲሠራ የሚደረገው ምርመራ ነው። ረጅም ነው፣ ያሰለቻል። መጽሐፉ በፍጹም አትዝለሉት ይላል፣ እኔም እላለሁ። ሲስተሙ ላይ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፈው እሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ለማን ነው? ሊኑክስ እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ራሱ ግቡ ለሆነ ሰው። ለዕለት ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር ለሚፈልግ አይደለም። ዴስክቶፕ እንኳ የለውም፤ እሱን የሚያስከትል ሌላ መጽሐፍ አለ።

የቀሩት መንገዶች

አርችን ጀድ ቪኔት በ2002 ነው ያወጣው። ፓኬጆቹ ተሠርተው ይመጣሉ፤ እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ትገጣጥማላችሁ። ፓርቲሽን መክፈል (ዲስኩን መከፋፈል)፣ ቡትሎደር (ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉን የሚጭነውን) ማስቀመጥ፣ ተጠቃሚ መፍጠር በእጃችሁ ነው። በ2021 የሚመራችሁ መጫኛ ፕሮግራም መጫኛው ዲስክ ላይ ተጨምሯል። ለመማር ከሆነ የመጀመሪያውን ጊዜ በእጅ ጫኑ፤ ሁለተኛውን እንደፈለጋችሁ። የአርች ዊኪ ደግሞ የትኛውንም ዲስትሮ ብትጠቀሙ የሚያገለግል ሀብት ነው። ለእኔ በጥረትና በትምህርት መካከል ያለው ሚዛን ከሁሉም የሚሻለው አርች ላይ ነው። ያለማቋረጥ ይሻሻላል፤ ወራት ትታችሁት ብትመለሱ ግን ማሻሻያው ሊያንገራግር ይችላል።

ጄንቱ ከምንጭ ኮድ የመሥራትን ጉዳይ በራሱ ሥርዓት ያስኬደዋል። ፓኬጁ የትኛው አቅም እንዲኖረውና እንዳይኖረው የሚወስኑባቸው «ዩዝ» የሚባሉ ምልክቶች አሉ። ውበቱ እዚያ ነው። ብሉቱዝ አልፈልግም ካላችሁ ከየፕሮግራሙ ይቀራል። «በራስ ማሽን ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ይፈጥናል» የሚለውን ግን ብዙ አትመኑበት፤ ለአብዛኛው ሰው ልዩነቱ አይታይም። አሳሽ (ብራውዘር) ኮምፓይል ሲደረግ ማሽናችሁ ሰዓታት ሊታሰር ይችላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጄንቱ ራሱ የተሠሩ ፓኬጆችን ያቀርባልና ከባዶቹን ከዚያ ማውረድ ይቻላል።

ኒክስኦኤስ የተለየ ነው። ሲስተሙ ምን እንዲመስል በአንድ ፋይል ትጽፋላችሁ፣ እሱ ይሠራዋል። ካበላሻችሁ ቡት ሲያደርግ የቀድሞውን መምረጥ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን የራሱን ቋንቋ ያስተምራል፤ ፋይሎችንም በተለመደው ቦታ አያስቀምጥም። ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመረዳት እሱን አልመርጥም። ለሚያውቅ ሰው እንጂ።

ቢልድሩትና ዮክቶ ለትንንሽ ማሽኖች ናቸው። ራውተር፣ ካሜራ፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ። ቢልድሩት ቀላል ነው፤ ምናሌው ላይ መርጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሲጨርስ አንድ የሚጫን ምስል ይሰጣችኋል። ዮክቶ ትልልቅ ኩባንያዎች ለብዙ ምርት የሚጠቀሙበት ከባድ መሣሪያ ነው። ከ140 ጊጋባይት በላይ ባዶ ዲስክ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ሥራ ፍለጋ ከሆነ ዮክቶ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፤ ትምህርቱን ግን በቢልድሩት ጀምሩ።

የራሳችሁን ፕሮግራሞች የያዘ የሚጫን ዲስክ ለትምህርት ቤት ወይም ለቢሮ ማዘጋጀት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ተዉት። የዴቢያን ላይቭ ቢልድ ይበቃል። የፓኬጅ ዝርዝር ትሰጡታላችሁ፣ ዲስኩን ይሠራላችኋል።

የት ላይ ይሞከር?

ቨርቹዋል ማሽን። ክርክር የለውም። ከእያንዳንዱ ትልቅ እርምጃ በፊት ሁኔታውን አስቀምጣችሁ፣ ስትሳሳቱ ትመለሳላችሁ። ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብሊው-ኤስ-ኤል ስክሪፕት ለመማር በቂ ነው። ሲስተም ለመሥራት ግን አይሆንም፤ ከርነሉን ማይክሮሶፍት ነው የሚያቀርበው፣ የቡትሎደሩን ሒደት ጭራሽ አታዩትም። ትርፍ አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ መልካም ነው፤ የዋይፋይ ድራይቨርና ፈርምዌር ትግል የሚታየው እውነተኛ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ራሙ ትንሽ ከሆነ ኮምፓይል ስታደርጉ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ሥራዎች ቁጥር ቀንሱ። ጂሲሲ መሃል ላይ ያለ ምክንያት የሞተ ሲመስላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ራም አልቆ ከርነሉ ገድሎት ነው።

አንድ የመጨረሻ መለያ አለ፤ ሰው ሲመርጥ የሚረሳው። የሠራችሁትን ሲስተም ማን ያድሰዋል? እ.ኤ.አ. በ2014 ባሽ ራሱ ላይ ሼልሾክ የተባለ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ። የዴቢያን ተጠቃሚ አንድ የማሻሻያ ትእዛዝ ሰጥቶ ሥራውን ቀጠለ። አርችና ጄንቱም በራሳቸው መንገድ እንዲሁ። ሊኑክስ ፍሮም ስክራች ላይ ግን ፓኬጅ አስተዳዳሪ የለም። ዜናውን የምትከታተሉት እናንተ ናችሁ፣ ማስተካከያውን የምታወርዱት እናንተ፣ ኮምፓይል የምታደርጉት እናንተ። በእጅ የተሠራውን ሲስተም ለመማሪያ በቨርቹዋል ማሽን አቆዩት። የባንክ አካውንታችሁን የምትከፍቱበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሰው የሚያድሰውን ዲስትሮ ጫኑ።